በጥቁር ቀለም ስለተሸፈነው ስንጥቅ የተሰጠ የማረሚያ ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሙያው በያጅ፣ በሥራ ቦታው «እጀ ወርቅ» የሚባል
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው መኖሪያ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡15
ምክንያት፦ ሰኞ ዕለት የሰጠሁትን ቃል ለማረም

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ሰኞ ዕለት በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ፣ በሥነ ጥበብ አዳራሹ ተሰቅሎ የነበረው የብረት ቢላ የወደቀው የአዳራሹ የመብራት ሠራተኛ መስቀያውን ስለነካካው ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ውሸት ነው። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ቀራፂ ወደ ብየዳ ቤቴ መጥታ፣ አብርሃም ልጁን ሊሠዋበት የነበረውን መሠዊያ በሥነ ጥበብ አዳራሹ ውስጥ ልትሠራ እንዳሰበች ነገረችኝ። በእሷ ሥራ መልአክ የለም። አንድ ሰው በእንጨት ርብራብ ላይ ታስሮ ይተኛል፤ ከበላዩ የሁለት ሜትር የብረት ቢላ ይንጠለጠላል፤ ከተመልካቹ አንዱ ተነሥቶ ገመዱን እስኪፈታለት ድረስ እዚያው ይቆያል። የእኔ ድርሻ ቢላውንና መስቀያውን መሥራት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቢላው ከተሰቀለ በኋላ፣ በግራው የመስቀያ ቀለበት ብየዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። አውርዶ እንደገና መበየድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቀራፂዋ በሰው ፊት ደጋግማ «የእሳቸው እጅ አይስትም» ትል ስለነበር፣ ተሳሳትኩ ማለት ሞት ሆነብኝ። ጥቁር ቀለም ቀባሁበት።

ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንግዶች ከገቡ በኋላ፣ እንድትተኛ የተቀጠረችው ተዋናይ ቀና ብላ ቢላውን አየችና አልተኛም አለች። ቀራፂዋ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት፤ ያሰጋል እንዴ?» ስትለኝ ሰው ሁሉ አየኝ። እኔም «የገዛ ልጄን አስተኛበታለሁ» አልኩ። ልጄ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን የአዳራሹ አስጎብኚ ናት። አጠገቤ መጥታ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ልተኛ?» አለችኝ። «ተኚ» አልኳት። ጫማዋን አውልቃ ተኛች። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ስድስት ደቂቃ ያህል ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ለሰው አስይዘው ገመዱን መፍታት ሲጀምሩ የግራው ቀለበት ተገነጠለ። ቢላው በአንድ በኩል ወርዶ የልጄን ትከሻ ሰበረ። አሮጊቷ አልተጎዱም። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የመብራት ሠራተኛው ነው። እሱ ብረቱን በጀርባው ደግፎ ሲይዝ እኔ ገመዱን ቆርጬ ልጄን አወጣኋት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥፋቱን የለጠፍኩት በእሱው ላይ ነው። እስካሁን ታስሮ ይገኛል።

ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ስገባ ልጄ ነቅታ ነበር። ስለ ሕመሟ አላነሣችም። «አባዬ፣ ስታስረኝ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ መልሱን እዚህ አስመዘግባለሁ፤ አውቅ ነበር። የመብራት ሠራተኛው እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኛል። መርማሪው «ስንጥቁን ባለማስተዋል» ብለው የጻፉት እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ ተሰርዟል። የቀረው እኔ ያልኩት ነው፤ እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________