ክረምት ላይ የለካሁት ጠርዝ

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ከማርቆስ እስከ ሉማሜ ያለውን የአስፋልት ጠርዝ ለክቼ የብስክሌተኞች የስልክ ካርታ ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጊዜው ክረምት ነበር። ጠርዙ ሰፊና ባዶ ስለነበር «ለብስክሌት ምቹ» ብዬ አረንጓዴ ቀባሁት። ጥር ላይ ጓደኛዬ ካርታዬን አምኖ ከማርቆስ በብስክሌት ተነሣ። ኋላ እኔ በሚኒባስ ስከተለው፣ ያ አረንጓዴ ጠርዝ ላይ ገበሬው ስንዴውን አስጥቶበታል፤ መኪና እንዳይረግጠውም ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሯል። ከባድ መኪናው ይከንፋል። ብደውል፣ ብደውል ጓደኛዬ አያነሣም።

አንድ መታጠፊያ ላይ ብስክሌቱ ተጋድሞ ሳይ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ ጉልበቱ ደምቶ ተቀምጧል፤ አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ ደሙን ይጠርጉለታል።

«አባባ፣ መኪና ገጨው?»

«እግዜር አተረፈው እንጂ! ድንጋዬን ሲሸሽ መኪና ፊት ገባ፤ ሲመለስ ስንዴዬ ላይ ወደቀ።» ከዚያ ቆጣ አሉ። «ካርታ አምኜ ነው ይለኛል፤ ለመሆኑ በጥር ይኼ ጠርዝ ባዶ ነው ያለው ማን ነው? አገሩን አያውቅም?»

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ በየዓመቱ ስንዴዋን እዚሁ አስፋልት ላይ ስታሰጣ የማያት እኔ፣ «እንጃ አባባ» አልኩና ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ስንዴ መልቀም ጀመርኩ።