ርካሹ ኮምፒውተር እስኪመጣ

በኒላ ወንዝ ዳር፣ ከኦታፓላም ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት በምታስኬድ መንደር ውስጥ አቹተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ይኖሩ ነበር። ያስተማሩትም ያላስተማሩትም ሰው «ማሽ» እያለ ይጠራቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ማሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንደሩን ቤተ መጻሕፍት በጸሐፊነት መርተዋል። በዘመናቸው አንድ መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም፤ የዘገየ እንደሆነ ማሽ ራሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ከተዋሰው ሰው ደጅ ይቆማሉ። ሰው ይወዳቸዋል፤ እሳቸውም ሰው ይወዳሉ። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን ከዛሬ ይልቅ ነገን ያምናሉ።

በሐምሌ አንድ ቀን ከፖስታ ቤት ሲመለሱ ዝናብ ደረሰባቸውና ከልብስ ሰፊው ቤት ጥላ ሥር ገቡ። እዚያ ሲንዱን አገኟት። ሲንዱ በልጅነቷ ማሽ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ሁሉ «ሌላ መንገድ የለውም ወይ?» እያለች ስትሞግታቸው ያደገች ተማሪያቸው ናት። አሁን ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ ሩዙ ማሳ፣ ስለዘገየው አውቶቡስ ከተጨዋወቱ በኋላ ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጠየቀች።

«ማሽ፣ ቅር አይበልዎትና፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ምን ደረሰ? አባላቱ ካዋጡ እኮ ዓመት አለፈ።»

«እየመጣ ነው ልጄ» አሉ ማሽ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ገበያ ላይ ያለውን መግዛት ሞኝነት ነው። ለኦናም የመከር በዓል አዲስ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይወጣል፤ ዋጋው ግማሽ ነው።»

ከየት ሰሙት ብትላቸው የሻይ ቤቱን ወሬ ሁሉ ዘረዘሩላት። ዕቃው ከምሳ ሣህን አይበልጥም የሚል አለ። የራሱ መስታወት የለውም፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል የሚል አለ። የሬዲዮ ጠጋኙ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በብስክሌት ዲናሞ ይሠራል ብሎ በእናቱ ስም ምሏል። ማሽ የዲናሞውን ነገር እንዳላመኑ ተናገሩ፤ የቀረውን ግን አምነዋል። ማስረጃም አለኝ አሉ፤ ከጋዜጣ የቆረጡት በመዝገብ ተሰድሯል። እሑድ ቤታቸው መጥታ እንድታየው ጋበዟት።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። ማሽ ሌላው ሰው ያመጣው ወሬ ሲሆን መላ የሚጨምሩ ሰው ነበሩ፤ ልባቸው የወደደው ወሬ ሲሆን ግን መላው ይጠፋቸዋል። ይህ የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

እሑድ ሲንዱ ስትመጣ የማሽ ባለቤት ማዳቪ ከበረንዳው ላይ ተቀምጠው ለጥብስ ጥሬ ሙዝ ይቆራርጡ ነበር። ማሽ መዝገቡን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በሁለት እጃቸው አመጡት። ሰባት ቁራጭ ጋዜጣ አለበት። ሲንዱ አስፈቅዳ በየቀናቸው ደረደረቻቸውና አንድ በአንድ አነበበች። የመጀመሪያው የዛሬ አራት ዓመት የተጻፈ ነው፤ ርካሹ ኮምፒውተር በሦስት ወር ውስጥ ይወጣል ይላል። ሁለተኛው ከዓመት በኋላ የተጻፈ ነው፤ እሱም በሦስት ወር ውስጥ ይላል። ሦስተኛው «ከታመኑ ምንጮች እንደሰማነው» ብሎ ጀምሮ ለኦናም ይደርሳል ይላል፤ ያ ኦናም ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አራተኛው ላይ ማሽ በቀይ ቀለም ያከበቡት የሣጥን ፎቶግራፍ አለ።

«ይሄኛው ኮምፒውተር አይደለም ማሽ» አለች ሲንዱ፣ ሳቋን እየዋጠች። «መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክለው ሣጥን ነው። ጎኑ ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ነው አብረው የቆረጡት።»

ማሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። «ቢሆንም» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ከተናገረው አንድ እውነት አይጠፋበትም። አራት ዓመት ከተጠበቀ ደግሞ አሁን ይበልጥ ቀርቧል ማለት ነው።»

«እንግዲያ አንዲት ሴት አራት ዓመት ሙሉ 'በሚመጣው ወር እወልዳለሁ' ስትል ብትከርም መውለጃዋ ቀርቧል ልንል ነው» አሉ ማዳቪ ከሙዛቸው ቀና ሳይሉ። «ሰው ሐኪም ጋ ይወስዳታል እንጂ አራስ ቤት አያነጥፍላትም።»

ሲንዱ ሳቋ እንዳይታይባት መሬት መሬት አየች። ማሽም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። መዝገቡን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና፣ እውነተኛውን ምክንያታቸውን የዚያን ቀን ተናገሩ።

«ገንዘቡ የኔ ቢሆን ነገ እገዛ ነበር። የሰው አደራ ነው። ጸሐፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት ለቤተ መጻሕፍቱ ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ጥቁርና ነጭ። ብዙም ሳይቆይ ባለቀለሙ መጣ። መንደሩ ምን አለ? እኔን ራሴን 'ጥቁርና ነጭ' ብሎ ጠራኝ። ዛሬም ከኋላዬ የሚሉኝ አሉ። ዛሬ ገዝቼ በወሩ በግማሽ ዋጋ ቢመጣ፣ በስተርጅና ምን ስም ሊሰጡኝ ነው?»

ሰው የሚያቀርበው ምክንያትና በልቡ ያለው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ማሽ ወሬውን የያዙት ስላመኑት ብቻ አልነበረም፤ ከመወሰን የሚሸሸጉበት ጥላ ስለሆነላቸውም ነበር። ሲንዱ ይህ ገባት። መልሱን ማዳቪ ሰጡ፤ ቢላዋቸውን አስቀምጠው።

«ማን ነው የሳቀው? እኔ እኮ አውቃቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ጥቁርና ነጭ ፊት መሬት ላይ ተኮልኩለው የሚያዩት ራሳቸው ነበሩ። አገራችን የክሪኬቱን ዋንጫ ስትበላ በደስታ የቤተ መጻሕፍቱን አግዳሚ የሰበሩት እነሱ ናቸው። ባለቀለሙን እንጠብቅ ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ሊያዩ ነበር? ግድግዳ? እርስዎ ስሙን ያስታውሳሉ፤ እኔ የማስታውሰው ግን ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሲያይ ነው።»

ማሽ መዝገቡን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወደ ጎን አኖሩት። እንዲህ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ሲንዱ ልትናገረው ፈልጋ የፈራችውን ነገር አወጣች። ቫሳንቲ የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንባሆ በቅጠል እየጠቀለለች ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ በልጅነቷ ከማሽ ጎበዝ ተማሪዎች አንዷ። በወረዳው መዝገብ ቤት የጸሐፊነት ቦታ ተከፍቷል፤ ፈተናው በኅዳር በኮምፒውተር ይሰጣል። ለቦታው የሚፈቀደው ዕድሜ እስከ ሠላሳ አምስት ነው፤ ቫሳንቲ በጥር ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። ከተማ ሄዳ እንዳትማር ደግሞ የጠቀለለችው በቀኑ ካልደረሰ እንጀራዋ ይቋረጣል።

«ለምን ለኔ አልነገረችኝም?» አሉ ማሽ።

«ነግራዎታለች እኮ ማሽ። ኮምፒውተሩ መቼ ይመጣል ብላ ጠይቃዎት፣ 'ትንሽ ጠብቂ፣ ርካሹ እየመጣ ነው' አሏት። እርስዎን እምቢ ማለት አታውቅም፤ እየጠበቀች ነው።»

ማሽ ተነሡ። ማዳቪ ሙዙ ሳይጠበስ የት ሊሄዱ ነው ቢሏቸው አልመለሱም። ጃንጥላቸውን እንኳ ረስተው በካፊያ ውስጥ ወደ ቫሳንቲ ቤት አቀኑ። ቫሳንቲ ቅጠሉን ከጭኗ ላይ አራግፋ ልትነሣ ስትል አስቀመጧትና ራሳቸው ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። በዚያ አገር መምህር ከተማሪው ደጃፍ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ አይታይም።

«ልጄ፣ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ አንቺን ጭምር ወተት አስጠበቅሁሽ» አሏት። «ይቅር በይኝ። በሚመጣው ሳምንት ትጀምሪያለሽ።»

ቫሳንቲ፣ ማሽ እርጥብ ናቸው ብላ ፎጣ ልታመጣ ገባች፤ ቶሎ ግን አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን ማሽ ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ርካሹ ይምጣ የሚሉ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ ማሽ የራሳቸውን ሰባት ቁራጭ ጋዜጣ በየተራ አነበቡላቸውና ክርክሩ አለቀ። ሲንዱ ከተማ ወስዳቸው ገበያ ላይ ያለውን ደኅና ኮምፒውተር ገዙ። እሑድ እሑድ ያለ ክፍያ ልታስተምር ቃል ገባች፤ ቃሏንም ጠበቀች። በመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጡት ቫሳንቲና ማሽ ነበሩ። ማሽ ማውሱን እንደ ጠመኔ ጨብጠው ወደ ላይ ሲያነሡት ሲንዱ፣ «ሌላ መንገድ አለው ማሽ» ብላ እጃቸውን አቀናችላቸው።

ቫሳንቲ ሌሊቱን ትንባሆ ጠቅልላ ማለዳ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት ከደጁ ትደርስ ነበር። ማሽ ቁልፉን ሰጧት። በኅዳር ተፈተነች፤ አለፈችም። ዛሬ የወረዳው ሰው የመሬት ወረቀቱን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ስሙን የምትጽፍለት እሷ ናት፤ ትልቋ ልጇም ነርስነት ትማራለች።

ጥቅሙ በሷ ብቻ አልቀረም። የፈተና ውጤት ለማየት ከተማ ይጓዙ የነበሩ ልጆች መንደራቸው ሆነው አዩ። አሮጊቶች የጡረታ ማመልከቻቸውን ለራፖር ጻፊ ሳይለምኑ አስጻፉ። ማዳቪም ባሕር ማዶ፣ ሙስካት ካለው ልጃቸው ጋር ደብዳቤ በሰዓታት ውስጥ መመላለስ ጀመሩ፤ የሚጽፉላቸው ማሽ ናቸው፤ ሚስታቸው ስለሳቸው የሚያሙትንም ጭምር ሳይቀንሱ።

በሁለተኛው ዓመት ርካሹ ኮምፒውተር በእርግጥ መጣ። ከምሳ ሣህን ይበልጣል፣ ዋጋውም ግማሽ ሳይሆን ሲሶ ያህል ብቻ የቀነሰ ነው። በሻይ ቤት አንዱ፣ «ብለን አልነበረም?» አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ ማሽ ዞረ። ማሽ ትንሽ ቀፈፋቸው። ከዚያ ግን እስከዚያ ቀን በኮምፒውተሩ የተማሩትን ሰዎች በልባቸው ቆጠሩ፤ ስልሳ ሦስት ደረሱ፤ ሻያቸውን ጠጡ። ከአዲሱም ሁለት አስገዙ፤ ምን ጠይቆ እንደሚገዛ አሁን ያውቃሉና ማንም አላታለላቸውም።

በዚያው ሰሞን የማዶው መንደር ቤተ መጻሕፍት ጸሐፊ፣ ቬላዩዳን የሚባል ወጣት፣ ሊያማክራቸው መጣ። ከዚህም የረከሰ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምቷል፤ መግዛቱ ይሻላል ወይስ መጠበቁ?

«ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል» አሉት ማሽ። «አልዋሽህም፣ ይረክሳል። ዋጋ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው ዕድሜ ሲወርድ ግን አላየሁም። መንደርህ ውስጥ ማን እየጠበቀ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅና ከዚያ ወስን።»

ቬላዩዳን ማን እየጠበቀ እንደሆነ ያውቃል፤ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና የኦታፓላሙን አውቶቡስ ሊይዝ ሄደ።