የጋሽ መሸሻ ኪኒንና የዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ

ጋሽ መሸሻ በዚያ ጠዋት ከሮቤ የተነሡት ኪኒናቸውን ሻያ ወንዝ ሊጥሉ ነበር። ጋሪው ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ ግን ከጎናቸው ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? የጎረቤታቸው ልጅ ዙሀይራ፣ ያውም ፋርማሲስቷ!

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ? እንዴት አደሩ? ምነው ፊትዎ ገረጣ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና መዋሸት አልሆነላቸውም።

«ይኼ የድብርት መድኃኒት ሊገድለኝ ነው፣ ልጄ! ሆዴን ያገላብጠዋል፤ ዛሬማ እጄም ተንቀጠቀጠ። በቃ፣ ወንዝ ይውሰደው!»

ዙሀይራ ደነገጠች። እንዴት አትደንግጥ? ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ መሸሻ ክረምቱን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ከርመዋል፤ ለልጃቸው ለሰርክአዲስ ሽማግሌ ሲመጣ እንኳ አልተነሡም። ቀና ያሉት መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ነው። ሠርጉ ደግሞ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል።

«መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ጎህ ሲቀድ፣ በጠበል።»

«እህል የሚቀምሱትስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ! ሁዳዴ አይደል?»

«ሲረሱትስ?»

«ያመለጠኝን ስግደት በማግስቱ አሟላ የለ? ኪኒኑንም እንደዚያው። ትናንት ረስቼ ዛሬ ሁለት ዋጥኩ» አሉ፣ ኮራ ብለው።

«ውይ ጋሼ! መድኃኒት እኮ ስግደት አይደለም። መደረብ ይጎዳል፤ አንዱ ካለፈ በማግስቱ በሰዓቱ አንዱን ብቻ ነው።»

«ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው እንግዲህ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ረመዳን ነው። ጾምዎን ማን ነካው? ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይበረታና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድም ይቀላል። ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪምዎን እንጠይቅ፤ እኔ በራሴ አልወስንም። በድንገት ማቋረጥ ግን ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል።»

«ሐኪም ፊት ‹ሆዴን ታወክሁ› ልበል? ያሳፍራል!»

«እርስዎ ዘንድ አቤት የሚል ባለጉዳይ ያፍር ነበር?»

ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ያ ግድግዳ ያስፈራኛል፣ ልጄ። ሰርክአዲስን ሳልመርቃት እንዳልቀር።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንሂድ፤ ሁለት ስለዋጡ መታየት አለብዎ።»

ጋሪው ወደ ሆስፒታል ዞረ። ሐኪሙ መርምሯቸው፣ ቀኑን እዚያው ካቆያቸው በኋላ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ አዛወረላቸው። ሳያማክሩት እንዳያቋርጡ፣ ሌላ መድኃኒትም ሆነ የባህል ሥር እንዳይቀላቅሉ አስጠነቀቃቸው። ትኩሳት፣ መወራጨት ወይም መቀባዠር ቢመጣ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብም ውል ቢል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ ነገራቸው። ይህን ቃል ቤተሰብም አብሮ ቢሰማው ይበጃል፤ ታማሚ ብቻውን ሁሉን አያስታውስም።

ማቅለሽለሹ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው፤ እንቅልፋቸውም ተመለሰ። በሠርጉ ዕለት ጋሽ መሸሻ ከማዕዱ ጎረሱና እንግዳው ሁሉ እያየ ኪኒናቸውን ከኪስ አወጡ።

«ደግሞ ምንድን ነው የምትውጠው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ፊቴን ከግድግዳው ያዞረልኝን ነዋ!» አሉና ልጃቸውን ሊመርቁ ተነሡ።