ከጀንፈል ጆንያ ውስጥ ስለተገኘው ስልክ

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክሯ ስም፦ አስማ ሰላሐዲን
ዕድሜ፦ 27
የትውልድ ቦታ፦ ድሬዳዋ
አድራሻ፦ ቦንጋ ከተማ፣ በወ/ሮ በዛወርቅ ግቢ ተከራይ
ሥራ፦ በመንገድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ቀያሽ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከቀኑ 9፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ከፈለኝ ልዑልቃል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው፣ እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለብኝ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት በሩ እንዲዘጋልኝ ጠይቄ ተዘግቶልኛል። የግል ተበዳይ የተባለችው ጓደኛዬ ሄርሜላ በዛብህ ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የምናገረውን መስማት የለባትም።

በቅድሚያ ተጠርጣሪዋ ወ/ሮ በዛወርቅ የሄርሜላን ስልክ አልሰረቁም። ስልኩን አጥፍቼ፣ ሲም ካርዱን አውጥቼ በእጃቸው የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሲም ካርዱንም አሁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሳጅን አስረክቤያለሁ። ይህን ያደረግነው የሄርሜላ አባት ጋሽ በዛብህ ባለፈው ሰኞ ጥር 25 ቀን ድሬዳዋ ላይ ስላረፉ ነው። እሷ እስከ አሁን አታውቅም።

ነገሩ እንዲገባ ከሥሩ መናገር አለብኝ። ሳጅን ወደ ስልኩ ጉዳይ እንድመለስ ቢያሳስቡኝም ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ሄርሜላና እኔ ድሬዳዋ በአንድ ግቢ ያደግን ነን። ከሁለት ዓመት በፊት እሷ እዚህ በቤተ ሙከራ ባለሙያነት ስትመደብ፣ ብቻዋን አትሄድም ብዬ እኔም እዚሁ ሥራ ፈልጌ ተከተልኳት። ሰው አገር ገብተን በመጀመሪያው ሳምንት ቤት አጣን። ሁለት ላጤ ሴቶች ሲባል የሚያከራየን ጠፋ። የጫነን የባጃጅ ሹፌር አዝኖልን ወ/ሮ በዛወርቅ ግቢ አደረሰን። እሳቸውም ከእግር እስከ ራሳችን አይተው “በዚህ ነጠላ ጫማ ነው ቦንጋ የምትኖሩት?” አሉን። አንዲቱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ገባን። ከዚህ በታች ተጠርጣሪ ከሚባሉ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው እትዬ ተብሎ ይጻፍልኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ዝናብ ምን ታውቃለች? ያጠብነው ልብስ ሳምንት አይደርቅም፣ ጫማችን ሻገተ፣ ሄርሜላ ካልተመለስኩ ትላለች፣ እኔ እሷን እያባበልኩ በሆዴ አብሬያት አለቅሳለሁ። እትዬ ልብሳችንን ከምድጃቸው በላይ ባለው ቆጥ ላይ እየዘረጉ ያደርቁልን ነበር። ሥራ ቦታ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ስገባ ባልደረቦቼ “አሁን የቦንጋ ሰው ሆንሽ” ይሉኝ ነበር። ለእኔ የእስላም ሥጋ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ገዝተው ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት፤ ሄርሜላ እንኳ ተሳስታ ስታነሳው ይቆጧታል። ታይፎይድ ጥሎኝ የከረምኩ ጊዜም አለቃዬ ዘንድ በእግራቸው ሄደው ፈቃድ የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው። ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም ተብያለሁ። ይጠቅማል። ሰው ሌባ ነው ተብሎ ሲጻፍ ማን እንደሆነም አብሮ መጻፍ አለበት።

ጋሽ በዛብህ ለእኔም አባት ነበሩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የትምህርት ቤት ልብሴን ከሄርሜላ ልብስ ጋር አንድ ላይ ያሰፉልኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት የሄርሜላ ወንድም ኢያሱ ደውሎ መሞታቸውን ሲነግረኝ የምንሠራው መንገድ ላይ ነበርኩ። መሣሪያዬን እንደቆመ ትቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚያው ቀን ሊቀበሩ ስለነበር ከቦንጋ ተነስቶ መድረስ የሚቻል አልነበረም። ኢያሱ “ቀብሬ እመጣለሁ፤ እኔ እስክደርስ እንዳትሰማ፣ አደራ” አለኝ።

ከሥራ ስመለስ ለእትዬ ነገርኳቸው። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ “ስልኳስ?” ብለው ነው። ዛሬ ሰው ነፍስ ይማር የሚለው በፌስቡክ ሆኗል፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ለማጽናናት ቢደውል አበቃ። እትዬ ራሳቸው የወንድማቸውን ሞት የሰሙት ቅዳሜ ገበያ መሃል በስልክ ነው። ወንድማቸው ከሚኖርበት ከቢታ ገነት የደወለው ሰው ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ራሳቸውን ስተው ወድቀው ጎመን ሻጮች አንስተው ቤታቸው እንዳደረሷቸው ነግረውኛል። “መርዶ በቤት ነው፤ ሰው ይዞሽ ነው የሚሰማ” አሉኝ። እኔም ሄርሜላ ፀጉሯን ስትታጠብ ስልኩን ከቻርጀር ነቅዬ ሰጠኋቸው። የራሴንም ስልክ ወድቆ ተሰበረ ብዬ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፈለቀ ተማክረውበት፣ ኢያሱ ዛሬ ማምሻውን እሳቸው ቤት እንዲያርፍና መርዶው ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በእትዬ ቤት እንዲነገር ተወሰነ።

በእነዚህ ቀናት ሄርሜላ ስልኳን ስትፈልግ ቤቱን ገለበጠችው። አባቷ ታመው እንደነበር ስለምታውቅ ልትደውል ትንገበገብ ነበር። እትዬ ግን ጎረቤቱን ሁሉ አስጠንቅቀዋል። የምትለምነው ሰው በሙሉ ካርድ አልቆብኛል ይላታል፤ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎችም እንደዚያው። አንድ ሰፈር ሙሉ ለአንዲት እንግዳ ልጅ ሲል ሲዋሽ ሰንብቷል። እኔም እየሰማሁ፣ ለካ ዘመድ አለን እል ነበር።

ዛሬ ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም ሄርሜላ ጨው ልትወስድ እትዬ ጓዳ ገብታ፣ መንገድ የዘጋባትን የጀንፈል ጆንያ ስትገፋ አፉ ተከፍቶ ስልኳን ባልተፈለፈለው ቡና መሃል አገኘችው። ሲም የሌለው ስልክ ተደብቆ ሲገኝ ማንም የሌባ ሥራ ነው ይላል፤ አልፈርድባትም። “እናቴ የምላት ሴት” እያለች ወደዚህ ጣቢያ መጥታ አመለከተች። እኔን ጎረቤት በባጃጅ መጥቶ ጠርቶኝ ስደርስ እትዬ ቀርበው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሳጅን ከፈለኝ ስልኩን ወስደው እንደሆነ ሲጠይቋቸው እትዬ “ወስጃለሁ” አሉ። ለምን ሲባሉ “ወስጃለሁ አልኩ እኮ” አሉ። ሄርሜላ “አባቴ ታሞብኛል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልደውል” ብላ ስትለምን ሳጅን አዝነው የራሳቸውን ስልክ ሰጧት። ቁጥሩን መንካት ስትጀምር እትዬ ዘለው ስልኩን ከእጇ ነጠቁ። የስድሳ ዓመት ሰው እንደዚያ ሲዘል አይቼ አላውቅም። በፖሊስ ፊት ንብረት ቀሙ ተብለው ወደ ማቆያ ክፍል ሲወሰዱ፣ ሄርሜላ ከኋላቸው “ሌባ” አለቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

ተፈቅዶልኝ በማቆያው መስኮት አነጋገርኳቸው። “እትዬ፣ ልንገራትና ይውጡ” ስላቸው የመለሱልኝ ይህን ነው፦ “ለሳጅኑ በር ዘግተሽ ንገሪው። ለእሷ እንዳትነግሪ። ሌባ ብትለኝ ምን አለበት? ዛሬን እንኳ አባት ያላት ሆና ትደር።”

እዚህ ላይ ስላለቀስኩ ቃሌ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።

የምጠይቀው እትዬ በዛወርቅ ዛሬውኑ እንዲለቀቁልኝ ነው። ነገ ንጋት ሄርሜላ ስትወድቅ የሚይዟት እሳቸው ናቸው፤ እዚህ ታስረው ካደሩ ማን ይይዛታል? ጥፋት አለ ከተባለ እኔን ያዙኝ፤ ግን ከነገ በኋላ ይሁን። ሰው አገር መጥቼ ባይተዋር ሳልሆን የኖርኩት በእሳቸው ነው። ፊት ለፊት አመስግኛቸው ስለማላውቅ ምስጋናዬ በዚህ መዝገብ ይቀመጥልኝ።

ያየሁትን፣ የሰማሁትንና በእጄ ያደረግሁትን ብቻ ተናግሬያለሁ። ቃሌ በውጭ እንዳይሰማ በዝግታ ተነቦልኝ፣ የጎደለም የተጨመረም እንደሌለው አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አስማ ሰላሐዲን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ከፈለኝ ልዑልቃል

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ወ/ሮ በዛወርቅ ከቀኑ 10፡20 ተለቀዋል። ይህ ቃል ከነገ በፊት ለግል ተበዳይ እንዳይገለጽ ከመዝገቡ ተለይቶ በእኔ እጅ ተቀምጧል። የተገኘው ስልክ በኤግዚቢትነት ተይዟል። የግል ተበዳይ ወደ አባቷ ለመደወል ስልኬን በድጋሚ የጠየቀችኝ ሲሆን፣ ዛሬ በጣቢያው አካባቢ ኔትወርክ እንደሌለ ነግሬያታለሁ።