የሐጂ ሽሬ ቀልጦ የቀረ ሰይፍ

ሐጂ ሽሬ ከሐርላ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ አምና ከአጥራቸው ማዶ ስትቆፍር የነበረችው የአርኪዮሎጂ ምሩቋ ሙኒያ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ምንድን ነው ሐጂ፣ እንደ ሕፃን ያቀፉት?»

«ሰይፍ ነው ልጄ! ቁመታቸው ዛፍ የሚያህል አያቶቻችን ሐርላን በአንድ ጀንበር ወረው ሲያቃጥሉ፣ ከእሳቱ ብዛት ቀልጦ የቀረ። ከግቢዬ ነው የወጣው። ዛሬ ሱፍያን የሚባል በያጅ ልጄን ፋርሂያን ስጠኝ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኛል። ዘሩ ያኔ የተሸነፉት ቀጥቃጮች ናቸው! ያሸነፈ ሰው ልጁን ለተሸነፈ ይድራል? ይህን ፊታቸው አስቀምጬ አፋቸውን አስይዛለሁ።»

«ፋርሂያስ?»

«ታለቅሳለቻ። እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ። ይወጣላታል።»

ሙኒያ የተጠቀለለበትን ሻሽ ገልጣ አገላብጣ አየችው።

«ተናገሪ አቦ!»

«ሐጂ፣ ይሄ ሰይፍ አይደለም። የብረት አር ነው።»

«የብረት ምን?»

«አር። ብረት ሲቀልጥ የሚተፋው ቆሻሻ።»

ሹፌሩ ቴፑን ዘጋ። ሐጂ ጥቅሉን ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

«አስተግፊሩላህ! ሠላሳ ዓመት በሻሽ ጠቅልዬ የቆለፍኩበት... አር ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅባቸው። እያንዳንዳችን ሳጥን ውስጥ ላዋቂ ያላሳየነው አንድ ጥቅል ይኖራል።

«አመዱስ?» አሉ ሐጂ፣ እንደ ሰመጠ ሰው የተገኘውን ጨብጠው። «አምና ያወጣችሁት ያ ሁሉ ጥቁር አፈር የተቃጠለ ከተማ አይደለም?»

«ከተማ የሚቃጠለው አንዴ ነው ሐጂ። እኛ ያገኘነው አመድ፣ ከላዩ ወለል፣ እንደገና አመድ፣ እንደገና ወለል። ዓመት ከዓመት ምድጃ እየጠገኑ የሠሩ ሰዎች ናቸው። የወናፍ ቱቦ አለ፣ ዶቃ አለ፤ ጦር ግን አንድም አላገኘንም። ነገ ከተገኘ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ረጃጅሞቹ ካልሆኑ፣ ታዲያ የፍርስራሹን ግንብ ያንን የሚያህል ድንጋይ ማን አነሳው?»

«እንደ እኛ ያሉ ሰዎች፣ በርከት ብለው።»

«መሬቱ እኮ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የእኛ ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ ይፍረዱ። ወይ መሬቱ የአባቶችዎ አልነበረም፤ ወይ አባቶችዎ ቀጥቃጭ ነበሩ።»

ሐጂ መሬታቸውን ይካዱ ወይስ ኩራታቸውን? ወላሂ፣ ከመሬቱ ኩራቱ መቅለል ነበረበት፤ የከበዳቸው ግን እሱ ሆነ።

«ቀጥቃጭ...» አሉ ቃሉን እንደ ትኩስ ምግብ በአፋቸው እያገላበጡ። «እኔ ሽሬ፣ ቀጥቃጭ!»

«ብልሃተኞች ነበሩ ሐጂ። የረጃጅሞቹን ተረት ለልጅ ልጆችዎ ያውሩ፣ ደስ ይላል። ፋርሂያ ላይ ግን ምስክር አድርገው አያቁሙት።»

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሰፈር ሲደርሱ ሐጂ ጥቅሉን ሙኒያ ጭን ላይ ጥለው ወረዱ።

ወንድማቸው ቤት ሽማግሌዎቹ እምቢታ ሊሰሙ አቀርቅረዋል። ወንድማቸው አብዲራሺድ «ማስረጃው የታል?» ሲል ሐጂ ሽሬ ቆመው ተናገሩ።

«ማስረጃው ተመረመረ። ያልወረወሩትን ጦር ለአያቶቼ አስይዤ፣ በእጃቸው የሠሩትን እየናቅሁ ኖሬያለሁ። በዚህ ንቀት ስንት ጎረቤት አጣሁ! ስንቱን የእጅ ባለሙያ አብሬው ቡና አልጠጣም ብዬ ከደጄ መለስኩ! እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።»

አብዲራሺድ የጨበጠው ብርጭቆ ዘንበል ብሎ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ የጠረገው የለም።

«ሂዱና ለሱፍያን ንገሩት» አሉ ሐጂ። «የእኔን ዘር ካልናቀ፣ ፋርሂያን ሰጥቻለሁ።»