የባትሪው አሲድና የዳቦ ቤቱ ውሃ

የመኪናዬ ባትሪ ሞቶብኝ በሰፈራችን ወዳለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ባትሪ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሱሪያቸውን አሲድ በልቶት ወንፊት ሆኗል። በር ላይ ቆመው ደብዳቤ ያገላብጣሉ።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! እስቲ ያንብቡልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ ወረቀቱ የዋሸኝ?»

አነበብኩላቸው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ በአንድ ወር ውስጥ አሲድ ማርከሻ ገንዳ ካልሠሩ ሱቁ ይታሸጋል ይላል።

«ታሸገ በሉኣ!» አሉ ደብዳቤውን ነጥቀው። «ፋብሪካ ገንዳ ቢሠራ ምኑ ይነካል? እኔ በቀን ሦስት ባትሪ ብፈታ ነው! የገንዳው ወጪ የዓመት ትርፌን ጠራርጎ ይወስደዋል።»

ልትጠይቃቸው የመጣችው የእህታቸው ልጅ ከውስጥ ሰማች። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሲዱን የት ነው የሚደፉት?»

«ጓሮ ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ መሬቱ ጠጥቶ ዝም ብሏል።»

«የጠጣው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ከታች እኮ ሰው አለ። ደግሞ አሲዱ ብቻ አይደለም፤ እርሳስም አብሮ ይወርዳል።»

«እርሳስማ የመምህር ነገር ነው!» ብለው ወደ እኔ ጠቀሱ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«የባትሪውን እርሳስ ማለቴ ነው፣ አጎቴ። የልጅ አእምሮ ያደነዝዛል፤ ኩላሊት ይጎዳል።»

«እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው! አንቺንስ ያስተማርኩሽ በምን ሆነና?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ። ለትልቅ ድርጅት የተሰፋ ሕግ ትንሽ ሰው ሲለብሰው ጠልፎ ይጥለዋል።

«ወጪው ከባድ መሆኑን አልክድም» አለች። «ግን ሳንጣላ፣ የሚደፉት ወዴት እንደሚወርድ በዓይናችን እንየው። ሰው የማይጎዳ ቀለም አለ። እሱን ጓሮዎ ልድፋ።»

«ድፊ! አንድም ነገር አይመጣም!»

እሷም ደፋች። ከዚያም ቁልቁል ወርዳ፣ ከጋራዡ በታች ዳቦ ቤት ያላትን ሴት ለጥቂት ቀን የጉድጓዷን ውሃ እንዳትጠቀም ነገረቻት።

በሦስተኛው ቀን ባትሪዬን ልወስድ ስመለስ ሦስታችንም ወደ ዳቦ ቤቱ ወረድን። ባለዳቦ ቤቷ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ባልዲውን ጎተተች። ውሃው አረንጓዴ ነበር፤ ገና እንደበቀለ ሣር ያለ አረንጓዴ።

«ምን ጉድ ነው!» ብላ ባልዲውን ለቀቀችው።

ጋሼ ባትሪ ክው አሉ። «ሊጡን... በዚህ ውሃ ነው የምታቦኪው?» አሏት።

«በምን ላቡካው፣ ጋሼ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚሁ ነው። ልጆቼም የሚጠጡት ከዚሁ ነው።»

ሽማግሌው ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ለእኔም ባለፈው ሳምንት ልጆቼ ከዚሁ ቤት የበሉት ዳቦ ትዝ አለኝ። ከሳምንት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ፣ በውሃው ውስጥ እርሳስ መኖሩ ተረጋገጠና ጉድጓዱ ተዘጋ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ባትሪ፣ ወረቀቱን ካነበበችላቸው በኋላ። «ወጪ፣ ወጪ እያልኩ ስጮህ፣ ለካ ወጪዬን ይቺ ሴት ስትከፍልልኝ ኖራለች።»

«እንግዲያው ብቻዎን አይሸከሙትም» አለቻቸው። መመሪያውን ገጽ በገጽ አንብባ፣ ጎረቤታሞች ገንዳውን በጋራ እንዲሠሩ የሚፈቅድ አንቀጽ አገኘች። ሽማግሌው ሁለት ባትሪ አዳሾችና አንድ ራዲያተር ጠጋኝ አስተባብረው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ተከራክረውም ስድስት ወር አስጨመሩ።

ዛሬ አንድ ገንዳ ለአራት ሱቅ ያገለግላል። አሲዱ በኖራ ተደባልቆ ኃይሉ ይሰበራል። የእርሳሱ ዝቃጭ በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ፈቃድ ላለው አቅላጭ ይሸጣል፤ ገቢውም የገንዳውን ወጪ በከፊል ይሸፍናል። አንድም ሱቅ አልታሸገም፤ አራቱም ሠራተኞች በእንጀራቸው ላይ ናቸው። ዳቦ ቤቱም የቧንቧ ውሃ ገብቶለታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን የጋራ መንገድ ከማስፈራሪያው በፊት ቢያስተምሩ ኖሮ፣ ስንት ዓመት ቀደም ብለን በዳንን ነበር!

የባለዳቦ ቤቷ ሦስት ልጆች ደማቸው ተመርምሯል። የሁለቱ ደህና ነው። ትንሿ ግን ገና ክትትል ላይ ናት። በየወሩ እጇን ይዘው ሐኪም ቤት የሚወስዷት ጋሼ ባትሪ ናቸው።