አይጥ የመሰከረባት ሙሽራ

ነይ አቦ ጽጌ፣ እዚች ጥላ ሥር ተቀመጪ። የዘንድሮ የፈላና በር ገበያ ጊሽጣ እንዴት ይጣፍጣል አንቺ! ጊሽጣው የሚመጣበት ድሬ ጠያራ ዝናቡ ደግ ነበር መሰል... ልጆቹስ? ተመስገን ነው።

ቀስ ብዬ ላውራ? ለምን? እዚያ ጋ ጊሽጣ የሚመርጠው ሰውዬ ምን አደረገኝ? ስም አነሳሁ? እኔ የማወራው ስለ ትምህርት ነው። የተማረ ሰው ስወድ!

እኛ መሃይሞቹ አይጥ ስናይ ድመት እንጠራለን። የተማረ ግን ከዘመዱ አስበልጦ ይቀልባታል። የእርጉዝ ሴት ሽንት ውስጥ ያለውን ሆርሞን አጣርቶ ይወጋታል፤ እሷ ደግሞ ያንን አንቆ የሚይዝ መከላከያ በደሟ ታበጃለች። ከዚያ መከላከያውን የሚያበጀውን የአይጧን ሴል ከማይሞት የካንሰር ሴል ጋር አጋብቶ፣ የእርግዝና መመርመሪያ ይሠራል። ሴል ከሴል የሚያጋባ ሰው! የራሱን ጋብቻ ማፍረሱ እንግዲህ... ሥራ በዝቶበት ነው።

ሽንቱንማ ከሰፈራችን ሴቶች ነው የሰበሰበው፤ «ገና በመጀመሪያው ወር ያላችሁ» ብሎ። አይ የዋህነት! ሆዷ ሳይገፋ እርጉዝ ነኝ የምትል ሴት እዚህ አገር አለች? ዓይን አትፈራም? እምቢ ማለትም ነውር ነው። ነጂባ የባሏን የበክሪን ሞልታ ሰጠችው። ጎረቤቷ የአማቷን። ሥራዬ የምትባለዋማ የፍየሏን ሰጠች አሉ። እሱ ምን ቸገረው፣ ሁሉንም አንድ ላይ አጣርቶ ለአይጧ!

መመርመሪያው ሲደርስ በማን ሞከረው? በእጮኛው፣ በእህቴ ልጅ በባርኮት። ሁለት ቀይ መስመር፣ አርግዛለች ማለት ነው! «ኧረ እጅህ እንኳ አልነካኝ!» ብላ ስታለቅስ፣ ሳይንስ አይዋሽም ብሎ ቀለበቱን አስመለሰ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ነበር የሚባለው... ዛሬ አይጧ ራሷ በሰው መሰከረች። ልጄ ይኸው ሰው ፊት መውጣት አፍራ ቤት ተቀምጣለች። ያንጀቴን እሳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ዘውዴ «እስቲ እኔንም» አሉ። ሁለት መስመር፣ በሰባ ዓመታቸው! እሱም ደንግጦ የራሱን ነከረ... ውይ ጽጌ፣ ደማቅ ቀይ! የበክሪንም የፍየሏንም የተወጋች አይጥ ማንን ትለያለች?

ይቅርታ ጠየቀ ወይ? ኧረ የት! አልፈርድበትም፤ በዚህ ጊዜ ደጃችን ድረስ መራመድ ይከብዳል። አላየሽም፣ ጥሬ ጥሬውን ጊሽጣ ሲመርጥ? አምሮት ነዋ!

እኛ ለሰው ክፉ አናስብም። ማርያም በሽልም ታውጣው!